የደብዳቤ ሣጥኔ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ጎንደር ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ዝቅ ብሎ በሚገኝ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ለአምስት ዓመታት ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። በመስታወቱ ላይ ከተለጠፉት ወረቀቶች አንዱ «ኢሜይል እንከፍታለን» ይል ነበር፤ በተለይ የዲቪ መሙያ ወቅት ሲደርስ ከማመልከቻ ጽሕፈት ይልቅ የሚበዛው ሥራ ይኸው ነበር። ደንበኛው ስሙን ይነግረኛል፤ እኔ አድራሻውን እከፍታለሁ፣ የይለፍ ቃል እመርጥለታለሁ፣ የማረጋገጫ ቁጥር የሚቀበልበት ስልክ ካልያዘም የቤቱን ስልክ አስገባለታለሁ፣ በመጨረሻም ሁሉንም ጥቁር ሽፋን ባለው አንድ ትልቅ መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ፤ በግራ ስም፣ በመካከል አድራሻ፣ በቀኝ የይለፍ ቃል። ደንበኞች ተመልሰው ሲመጡ የይለፍ ቃላቸውን እንደማያስታውሱ ስለምናውቅ መዝገቡን የምንይዘው ለእነርሱ አስበን ነበር። አንዲት እናት በብጣሽ ወረቀት ጽፌ የሰጠኋቸውን መልሰው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «አንተው ያዝልኝ ልጄ፤ እኔ ዘንድ ከገባ የት ይገኛል ብለህ ነው» ብለውኝ ሄዱ። ልጃቸው ከቤይሩት የምትልክላቸውን ፎቶ የሚያዩት እኛ ቤት እየመጡ ነበር።

የማንንም ደብዳቤ ያለ ፈቃዱ ከፍቼ አላነበብኩም። ይህን ስል ግን አንባቢ እኔን የሚያምንበት አንዳች ማስረጃ እንደሌለው አውቃለሁ፤ እኒያ እናትም አልነበራቸውም። መዝገቡ ከእኔ በፊት በሌላ ጸሐፊ እጅ ነበር፤ እኔም ሥራውን ስለቅ ለተተካው ልጅ ከቤቱ ቁልፍና ከማኅተሙ ጋር አስረከብኩት። የዚያ ሁሉ ሰው ገመና በርክክብ ወረቀቱ ላይ የያዘው ቦታ «መዝገብ፣ ብዛት 1» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር።

ዛሬ ሰዎች የትኛውን የኢሜይል አገልግሎት ቢጠቀሙ እንደሚሻል ሲጠይቁኝ መልሴ ከዚያ መዝገብ ይነሣል። ጸሐፊው ታማኝ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ጸሐፊ ይቀየራል፣ ቤት ይሸጣል፣ ከበላይ ትእዛዝም ይመጣል። ይልቁንም ይህ ሁሉ በሚሆንበት ቀን በእኔ እጅ ምን ይቀራል ብሎ መጠየቅ ይበጃል።

ይህን የተማርኩት ከራሴ ኪሳራ ነው። ያለ ክፍያ አገልግሎት ከሚሰጡት ታላላቅ አቅራቢዎች በአንዱ ዘንድ ስድስት ዓመት የቆየ አድራሻ ነበረኝ። ለሥራ አዲስ አበባ ሄጄ በሰው ኮምፒውተር ለመግባት ስሞክር፣ የይለፍ ቃሉን በትክክል ባስገባም፣ አገልግሎቱ ሙከራው ያልተለመደ ነው አለና ማረጋገጫ ቁጥር ወደ ስልኬ እንደሚልክ ነገረኝ፤ ያ ስልክ ቁጥር ግን ሲም ካርዱ ከጠፋ ጋር ከእጄ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ቅጽ ሞላሁ፤ መለያው የእኔ መሆኑን ማረጋገጥ እንዳልቻሉ የሚገልጽ መልስ በደቂቃዎች ውስጥ መጣ፤ ፍጥነቱ ሰው እንዳላየው ያስታውቃል። ደግሜ ሞላሁ፤ ያው መልስ ከነነጠላ ሰረዙ ተመለሰ። ስካን አድርጌ ያስቀመጥኩትን የአባቴን ቤት ካርታ ከማዘጋጃ ቤት እንደገና ማውጣት ተችሏል። ወንድሜ የጻፈልኝን ደብዳቤዎች ግን ከየትም ማውጣት አይቻልም፤ እርሱም ዛሬ በሕይወት የለም። በዚያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ደብዳቤዎቼን ወደ ራሴ ዲስክ አላወረድኳቸውም፤ በብራውዘር ከፍቼ አነብና እዘጋ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ማንሣት ግድ ይላል። አማርኛችን «ነፃ» ሲል ሁለት ነገር ይላል፤ ዋጋ ያልተከፈለበትንም፣ በሌላ ሰው ሥልጣን ሥር ያልሆነውንም። በመዝገቤ የሰፈሩት አድራሻዎች ሁሉ በነፃ የተከፈቱ ነበሩ፤ ነፃ የሆነ ግን ከመካከላቸው አንድም አልነበረም። አሜሪካዊው የፕሮግራም ጸሐፊ ሪቻርድ ስታልማን በ1983 ግኑ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ሲያውጅና በ1985 የነፃ ሶፍትዌር ድርጅትን ሲያቋቁም (ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በቋንቋው ይኸው መምታታት ገጥሞት፣ ስለ ዋጋ ሳይሆን ስለ ነፃነት እየተናገረ መሆኑን ሲያስረዳ ዕድሜውን ፈጅቷል። እኛ ግን «አርነት» የሚል ቃል አለን፤ አርነት የወጣ ሰው ስንል ማንም ስለ ብር አያስብም። እኔ በዚህ ጽሑፍ ነፃ ሶፍትዌር ስል አርነት ያለውን ማለቴ ነው፤ ይኸውም ፕሮግራሙን ለማንኛውም ዓላማ ማሠራት፣ የምንጭ ኮዱን (ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ) መርምሮ እንደ ፍላጎት መለወጥ፣ ቅጂውን ለሌላ ማካፈል፣ የለወጡትንም ማሰራጨት የሚፈቀድበትን ነው። እነዚህ አራቱ ነፃነቶች ከዜሮ እስከ ሦስት ተቆጥረው ይገኛሉ፤ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ቆጠራ ከዜሮ መጀመር ይወዳሉ።

ኢሜይልን በብራውዘር ስንከፍት ምንም ፕሮግራም የጫንን አይመስለንም። ነገር ግን ገጹ በተከፈተ ቁጥር በጃቫስክሪፕት የተጻፈ ፕሮግራም ከአቅራቢው ሰርቨር (ደብዳቤዎቹን ከሚያከማቸው ኮምፒውተሩ) ወርዶ በእኛው ማሽን ላይ ይሠራል፤ ትናንት የወረደውና ዛሬ የሚወርደው አንድ ስለመሆኑ የምናውቅበት መንገድ የለንም፣ ብዙውን ጊዜም ኮዱ ሰው እንዳያነበው ሆኖ የተጨመቀ ነው። ስታልማን በ2009 ስለዚህ ጽፎ፣ በኮምፒውተሩ ላይ ነፃ ሶፍትዌር ብቻ የጫነ ሰው እንኳ ሳያውቀው ነፃ ያልሆነ ፕሮግራም በየዕለቱ እንደሚያሠራ አሳስቦ ነበር። ስለዚህ አንድን የኢሜይል አገልግሎት በነፃነት ሚዛን ለመመዘን የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ደብዳቤዬን እኔ በመረጥኩት ፕሮግራም ማንበብ ይፈቀድልኛል ወይ የሚለው ነው። በሰርቨሩ ላይ የሚሠራው ፕሮግራም ነፃ ሶፍትዌር መሆኑ መልካም ነገር ቢሆንም፣ የዚያ ነፃነት ተጠቃሚ የሰርቨሩ ባለቤት ነው፤ እኔ ጎንደር ተቀምጬ በበርሊን ወይም በካሊፎርኒያ ያለ ማሽን ላይ የሚሠራው ኮድ በድረ ገጽ የተለጠፈው ራሱ ስለመሆኑ አላረጋግጥም። የማረጋግጠው በጭኔ ላይ ባለው ኮምፒውተር የሚሠራውን ነው።

በዚህ ረገድ ኢሜይል የታደለ ነው፤ ይህን ባሕርዩን የሚያስተውለው ሰው ግን ጥቂት ነው። ሬይ ቶምሊንሰን በ1971 ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የመጀመሪያውን የአውታር ደብዳቤ ልኮ በስምና በማሽን መካከል ያንን የ«አት» ምልክት ካስገባ ወዲህ፣ አሠራሩ የማንም የግል ንብረት ሆኖ አያውቅም። ደብዳቤ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚተላለፍበት ኤስኤምቲፒ በ1982 በይፋ ሰነድ ወጣ፤ ደብዳቤን በራስ ፕሮግራም ለማንበብ የሚያስችለው አይማፕ ደግሞ በ1986 ማርክ ክሪስፒን በስታንፎርድ ነደፈው። ዛሬ በቴሌግራም ልንጽፍለት የምንፈልገው ሰው የግድ ቴሌግራም ሊኖረው ይገባል፤ በኢሜይል ግን እኔ በአንድ አነስተኛ የበጎ ፈቃደኞች ሰርቨር ላይ ሆኜ፣ እርስዎ በዩኒቨርሲቲው አድራሻ፣ ልጅዎ በጂሜይል ሆነው ሦስታችንም እንጻጻፋለን። ስለዚህ ከአቅራቢ ወደ አቅራቢ መሄድ ወዳጆችን ጥሎ መሄድ አይሆንም። አይማፕን የሚከለክል አገልግሎት ግን ይህን የቆየ በር በራሱ ቁልፍ የዘጋ ነው።

ወደ ገመናው ጉዳይ ስመጣ፣ በእኛ አገር ደብዳቤ በአውቶቡስ መላክን የሚያውቅ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ጠዋት በአሥራ አንድ ሰዓት መናኸሪያ ሄዶ ፖስታውን ለረዳቱ ሲሰጡ፣ ረዳቱ ባይከፍተው እንኳ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ፣ በየስንት ጊዜው እንደሚላክና ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል፤ ሁለት ወር ሙሉ ለአንዲት ልጅ ፖስታ ያመላለሰ ረዳት የሠርጉን ቀን ከወላጅ ቀድሞ ይገምታል። ኢሜይልም እንዲሁ ነው። በመንገድ ላይ ያለው ግንኙነት ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የተመሰጠረ፣ ማለትም ቁልፉ ለሌለው የማይነበብ ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ሲደርስ ግን አቅራቢው ፖስታውን ብቻ ሳይሆን፣ ከፈለገ ውስጡንም ያያል። ጂሜይል በሚያዝያ 2004 አንድ ጊጋባይት ቦታ ያለ ክፍያ ይዞ ብቅ ሲል ለደብዳቤው የሚስማማ ማስታወቂያ ለመምረጥ ይዘቱን በማሽን ይቃኝ ነበር፤ ለዚህ ዓላማ መቃኘቱን እንደሚያቆም ያሳወቀው በ2017 ነው። ያሁ በበኩሉ በ2013 በደረሰበት ስርቆት ሦስቱም ቢሊዮን መለያዎቹ እንደተነኩ ያመነው ከአራት ዓመት በኋላ ነበር። በዚያው በ2013 የአሜሪካን መንግሥት የስለላ ምስጢር ያወጣው ኤድዋርድ ስኖውደን ይጠቀምበት የነበረው ላቫቢት የተባለ አነስተኛ የአሜሪካ አገልግሎት፣ መንግሥት የምስጠራ ቁልፉን እንዲያስረክብ ሲያስገድደው ባለቤቱ ላዳር ሌቪሰን ድርጅቱን ራሱን ዘጋው። ባለቤቱን አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን በዚያ ቀን የተጠቃሚዎቹ ሣጥኖችም አብረው እንደተዘጉ አልዘነጋም። ያሁም ሆነ ላቫቢት መዝገቡን የያዘው ሰው ላይ የሚደርሰውን ነው ያሳዩን።

ከዚያ ወዲህ መዝገቡን ራሳቸውም እንዳያነቡት አድርገው የሚያስቀምጡ አገልግሎቶች መጡ። በጄኔቫ፣ በሰርን የምርምር ማዕከል የተገናኙ ሳይንቲስቶች በ2014 ያቀረቡት ፕሮቶን እና ሃኖቨር ከተማ ያለው፣ እስከ 2023 ቱታኖታ ይባል የነበረው ቱታ በዚህ ረገድ የታወቁ ናቸው። ሁለቱም የይለፍ ቃላችን ከማሽናችን ሳይወጣ ደብዳቤውን መስጥረው ያከማቻሉ፤ ሁለቱም በስልክና በኮምፒውተር የሚሠሩ ፕሮግራሞቻቸውን በነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ አውጥተዋል፤ ሁለቱም አንድ ጊጋባይት ያህል ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። ሆኖም ፕሮቶን በተለመደው የኢሜይል ፕሮግራም መጠቀም የሚያስችለውን ድልድይ የሚሰጠው ለከፋይ ብቻ ነው፤ ቱታ ደግሞ አይማፕን ጨርሶ አይቀበልም። ምክንያታቸው እውነተኛ ነው፤ የተመሰጠረውን ደብዳቤ ተራ አይማፕ አይፈታውም። ውጤቱ ግን ከሚስጥራዊነቱ ጋር በእነርሱ ፕሮግራምና በእነርሱ ሰርቨር ላይ መጣበቅ ነው። ምስጠራውም የፖስታውን ውጭ አይሸፍንም። በ2021 ፕሮቶን በስዊዘርላንድ ባለሥልጣናት ትእዛዝ፣ ከፈረንሳይ በመጣ ጥያቄ መነሻነት፣ የአንድ የአየር ንብረት ተሟጋችን የአይፒ አድራሻ (ከየትኛው የኢንተርኔት መስመር እንደገባ የሚያሳይ ቁጥር) መዝግቦ እንዲሰጥ ተገዷል፤ የደብዳቤዎቹን ይዘት ግን ሊሰጥ አልቻለም፣ አልነበረውምና። እኔ ይህን እንደ ክህደት አላየውም። ሕግ ባለበት አገር የሚኖር ድርጅት ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል በግልጽ ያሳየ ጉዳይ ነው፤ የሌለውን ማንም አይወስድበትም፣ ያለውንና ሊኖረው የሚችለውን ግን ይወስዱበታል።

ሁለተኛው ወገን በተለመደው አሠራር እየሠራ የሚሰበስበውን የሚቀንስ ነው። በርሊን ያለው ፖስቴዮ ከ2009 ጀምሮ በወር አንድ ዩሮ ያስከፍላል፤ ሲመዘገቡ ስም አይጠይቅም፣ ክፍያውን ከመለያው ጋር አያይዞ አይመዘግብም፣ በፖስታ የተላከለትን ጥሬ ገንዘብም ይቀበላል፤ አይማፕ ክፍት ነው፣ በብራውዘር ለሚጠቀምም ራውንድኪዩብ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ነው የሚያገለግለው። የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2019 መጀመሪያ ይፋ ባደረገው ውሳኔ፣ ሕጋዊ ትእዛዝ ሲመጣ የአይፒ አድራሻ መዝግቦ እንዲሰጥ ግዴታ ጥሎበታል፤ ከዚህ የሚያመልጥ የለም። ዲስሩት ደግሞ በሆላንድ በበጎ ፈቃደኞች የሚተዳደር ሲሆን ሙሉ አገልግሎቱን በነፃ ሶፍትዌር ላይ ያቆመ ነው፤ ክፍያ ባይጠይቅም ለመመዝገብ ለምን እንደፈለጉት ጥቂት መስመር ያስጽፋል፣ ያንንም ሰው አንብቦ ይፈቅዳል። ማሽን ደጋግሞ ላባረረው ሰው ጥያቄውን ሰው የሚያነብበት ቤት መኖሩ ራሱ ደስ ይላል። የበጎ ፈቃደኞች ነገር ግን ደስታውም ሥጋቱም አብሮ ይመጣል፤ የሚሠሩት ሰዎች ሲደክማቸው ወይም ገንዘብ ሲያልቅባቸው የሚሆነውን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

ለእኛ ትልቁ እንቅፋት አንድ ዩሮ መክፈል ነው። ዋጋው አንድ ማኪያቶ ቢሆን ነው፤ በእጄ ያለው የባንክ ካርድ ግን ከአገር ውጭ አይሠራም፣ በቴሌብርም በርሊን ላለ ድርጅት አልከፍልም። ጀርመን አገር ያለችው የአክስቴ ልጅ የአንድ ዓመቱን አሥራ ሁለት ዩሮ ከፈለችልኝ፤ እኔም በለውጡ ለእናቷ በርበሬ አስፈጭቼ ሰጠሁ። እንዲህ ያለ ዘመድ የሌለው ሰው ምን ያድርግ ሲባል፣ በዲስሩት ወይም በፕሮቶን ያለ ክፍያ ቢጀምር አልነቅፈውም፤ በአንደኛው ምስጠራው ይጎድለዋል፣ በሌላኛው የፕሮግራም ምርጫው። እኔ ብጠየቅ የፕሮግራም ምርጫውን አስቀድማለሁ፤ ምስጠራን በራሴ ማሽን ላይ መጨመር እችላለሁ፣ የተዘጋ በር ግን ከውጭ አልከፍትም።

የራስን ሰርቨር ስለማቆም የሚጽፉልኝ ወዳጆች አሉ። መብራት በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚሄድ ለሚያውቅ የጎንደር ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም፤ መብራቱ ቢኖር እንኳ ታላላቆቹ አቅራቢዎች ከማይታወቅ አነስተኛ ሰርቨር የመጣን ደብዳቤ አይፈለጌ መልእክት ብለው ይወረውሩታል። እኔ አልሞከርኩትም፣ ልሞክረውም አላስብም።

በራስ ፕሮግራም የመጠቀም ጥቅም እኔን ያሳመነኝ በሐሳብ ደረጃ አልነበረም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ወራት ሲቆጠሩ፣ ተንደርበርድ የተባለው የሞዚላ ነፃ ፕሮግራም በላፕቶፔ ላይ ነበር። ሲጫን የሚጠይቀው ብዙ አይደለም፤ አድራሻና የይለፍ ቃል ያስገባሉ፣ የአይማፕ ሰርቨሩን ስምና ፖርት 993ን ካላገኘው ይጽፉለታል፣ ከዚያም በቅንብሩ ውስጥ መልእክቶች ሁሉ በዚህ ኮምፒውተር ላይ እንዲቀመጡ ምልክት ማድረግ ነው። በመቋረጡ ጊዜ የሦስት ዓመት ደብዳቤዬ ከነአባሪዎቹ ከእኔ ጋር ነበር፤ የምጽፈውን መልስ ሁሉ ጽፌ ለመላክ በተዘጋጁት መደብ ውስጥ አከማች ነበርና፣ የኬብል ኢንተርኔት ያለው አንድ ቢሮ የሚያስገባኝ ቀን ላፕቶፔን ይዤ እሄዳለሁ፣ አንድ ቁልፍ እጫናለሁ፣ አሥራ አራት ደብዳቤ ይወጣል፣ ሠላሳ ይገባል፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አመስግኜ እወጣለሁ። ከጎኔ በብራውዘር ለመግባት የሚሞክረው ሰው የመግቢያ ገጹ እስኪከፈት ይጠብቅ ነበር፤ ገጹ ከደብዳቤው ይከብዳልና። ፕሮግራሙ ከውጭ የሚጫኑ ምስሎችንም በራሱ ይከለክላል። እነዚህ ምስሎች አንዳንዶቹ በዓይን የማይታዩ አንድ ነጥብ ብቻ ናቸው፤ ደብዳቤው ሲከፈት ከላኪው ሰርቨር ስለሚጠሩ መቼና ከየት እንደተነበበ ያሳብቃሉ። በስልክ ለሚጠቀም ሰው ኬ-9 ሜይል ቀድሞም ነበር፤ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በዚያው መሠረት ላይ የቆመው ተንደርበርድ ለአንድሮይድ ወጥቷል።

ይዘቱን ራሱ ስለመመስጠር ብዙ ተብሏል፤ እኔ የማቀርበው የገጠመኝን ነው። አሜሪካዊው ፊል ዚመርማን በ1991 ፒጂፒ የተባለውን የደብዳቤ መመስጠሪያ ፕሮግራም ሲያወጣ የአሜሪካ መንግሥት እንደ ጦር መሣሪያ ዝውውር ቆጥሮ ለሦስት ዓመት መርምሮታል፤ ጀርመናዊው ቬርነር ኮኽ የጻፈው ግኑ-ፒጂ ደግሞ የዚያው አሠራር ነፃ ሶፍትዌር የሆነው ነው። ተንደርበርድ ከ2020 ጀምሮ ይህን የምስጠራ አሠራር በውስጡ ስለያዘ፣ ባሕር ዳር ካለ ወዳጄ ጋር ይፋዊ ቁልፎቻችንን (ሌላው ሰው ለእኛ የሚጽፈውን የሚመሰጥርባቸውን) ተለዋወጥን። ቁልፉ የእርሱ መሆኑን ለማረጋገጥ አርባ ፊደልና ቁጥር በስልክ ማነባበብ ያስፈልጋል፤ ፊደላቱ ከኤ እስከ ኤፍ ያሉት ናቸው፣ በተቆራረጠ መስመር ላይ ደግሞ «ቢ»፣ «ሲ»፣ «ዲ» እና «ኢ» አንድ ዓይነት ይሰማሉ። ከሁለት ያልተሳካ ሙከራ በኋላ በአገራችን ስሞች ተስማማን፤ አዘዞ፣ በለሳ፣ ጭልጋ፣ ደባርቅ፣ እንፍራንዝ፣ ፋሲል። «ሰባት፣ ደባርቅ፣ ሦስት፣ እንፍራንዝ፣ እንፍራንዝ፣ ዜሮ» እያልኩ ሳነብ የሰማችኝ ባለቤቴ የጭነት መኪና ሥራ የጀመርኩ መስሏት ነበር። ስምንት ወር ያህል ተመስጥረን ተጻጻፍን። ከዚያ ወዳጄ ላፕቶፑን ሲቀይር ደብዳቤ የሚፈታበትን ምስጢራዊ ቁልፉን ሳይገለብጥ አሮጌውን ሸጠውና፣ የጻፍኩለት ሁሉ ለእርሱም የማይነበብ ሆነ። ቁልፍን በራስ እጅ መያዝ እንግዲህ ይህንንም ይጨምራል። የእኔ ቁልፍ ዛሬ በሁለት ፍላሽ ተገልብጦ አንዱ አዘዞ እኅቴ ቤት፣ ከመሬት ወረቀቷ ጋር በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።

የትኛውም አቅራቢ የማይሸፍነው ነገር ደግሞ አለ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ዘገባ፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የፖለቲካ ተቃዋሚዎች በኢሜይል በተላከላቸው አገናኝ አማካይነት የሶፍትዌር ማደሻ መስሎ የቀረበ የስለላ ፕሮግራም እንዲጭኑ ሲገፋፉ እንደነበር አሳይቷል። እንዲህ ያለ ነገር በማሽኑ ላይ ከተጫነ በኋላ ሰርቨሩ ስዊዘርላንድ ይሁን ሸገር ልዩነት የለውም፤ ደብዳቤው በምስጠራ ከመታሸጉ በፊት ከትከሻ በላይ ሆኖ ይነበባል። በአገር ውስጥ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ዓመቱ በዓ.ም. ነው) ወጥቷል፤ መረጃችንን የሚይዝ ሁሉ ምን ዓላማ እንዳለው እንዲገልጽና አግባብ ባለው መንገድ እንዲጠብቅ ያዛል። ያነበብኩት የጽሕፈት ቤቱን መዝገብ እያሰብኩ ነበር።

አሮጌ አድራሻን መልቀቅ ቤት ከመቀየር ይረዝማል። በደብተር ጽፌ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ቦታ እየቀየርኩ አራት ወር ፈጅቶብኛል፤ አሁንም አንድ ባንክና የፓስፖርት ማመልከቻዬ በድሮው አድራሻ ላይ ናቸው፤ ባንኩ ለመቀየር በአካል ቀርቤ ቅጽ እንድሞላ ጠይቆኛል፣ ቅጹ ደግሞ አልቋል። ከምጻጻፋቸው ሰዎች አብዛኞቹ ጂሜይል ስለሆኑ የእኔ ደብዳቤ ግማሹ እዚያው መቀመጡም አልቀረም። ይህን ለሚያነሣ ሰው የምለው፣ የሌላው ግማሽ መቀነሱ ለእኔ በቂ ምክንያት መሆኑን ነው።

ባለፈው ወር ወደ ቀድሞው መሥሪያ ቤቴ ጎራ ብዬ ተተኪዬን ስለ መዝገቡ ጠየቅኩት። ተቀይሯል፤ አሁን የሚመዘግበው በኤክሴል ሲሆን፣ እንዳይጠፋበትም ፋይሉን በየቀኑ በቴሌግራም ለራሱ ይልከዋል። ለደንበኛው የይለፍ ቃሉን በታሸገ ፖስታ ሰጥቶ ከማሽኑ እንዲያጠፋው ሐሳብ አቀረብኩለት። ልጁ ጨዋ ነው፤ ካዳመጠኝ በኋላ «ጋሼ፣ እሺ ባጠፋውስ፤ ሲጠፋባቸው ተመልሰው የሚመጡት እኮ ወደ እኔ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ከብዙ ንግግር በኋላ በአንድ ነገር ተስማማን፤ ከእንግዲህ የማረጋገጫ ቁጥር የሚላክበት ስልክ የቤቱ ሳይሆን የደንበኛው፣ ከሌለውም የልጁ ወይም የጎረቤቱ ይሆናል። እዚያው ቆሜ ሳለ አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን አስከትለው ገቡ፤ ቁጥሩን የነገረችው ልጅቷ ናት፣ መልእክቱም በእርሷ ስልክ ላይ ጮኸ።